የደቦው ቀን ፎቶ

ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው መንደራችን አንድ የናፍጣ ወፍጮ አለ። ባለቤቱ ደግሰው ይባላል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ፊቱ ከዱቄት ጠርቶ አያውቅም። ሰኔ ሲገባ ግን የየቤቱ ጎተራ ይጎድላል፤ ወፍጮውም በሳምንት ሁለት ቀን ቢነሳ ነው። ያኔ ደግሰው እጁን ይታጠብና ካሜራውን ከዱቄት ከረጢት ውስጥ ያወጣል። ፎቶ ማንሳት የክረምት ሥራው ነው። ሥራ ማለቴ ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ማንም ከፍሎት አያውቅም።

ካሜራውን ያገኘው ላሊበላ አስጎብኚ ከነበረው ከወንዴ ነው። ጦርነቱ መጥቶ እንግዳ ሲቀር ወንዴ ካሜራውን በአንድ ኩንታል ገብስ ለወጠው። ደግሰው በዚህ ካሜራ የማያነሳው ነገር የለም፤ ጉም የዋጠው ገደል፣ በረዶ የመታው ባቄላ፣ ጭቃ ውስጥ የሰጠመ የበሬ እግር፣ ከቅዳሴ ሲወጡ በአንድ ጃንጥላ የተጠጋጉ ሴቶች። ማኅበር ካለ ይመጣል፤ ደቦ ካለ ይመጣል። መንገዱ ሲከፈት ላሊበላ ወርዶ ያሳጥብና ለየባለቤቱ ያድላል። በነጻ።

ሰውን ያስጠረጠረው ይኸው በነጻ መሆኑ ነበር።

ጎረቤታችን አሰለች ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዛ ሳለ እንዲህ ስትለው ሰምቻለሁ፦

“ደግሰው፣ እህል ስትመዝን እጅህ ይከብዳል፤ ፎቶ ስትሰጥ ይቀላል። ከሁለቱ አንዱ እጅ ያንተ አይደለም።”

“ሁለቱም የኔ ነው፤ አንዱ ለሆድ፣ አንዱ ለደስታ።”

“ደስታ? በሐምሌ?”

ሴቶቹ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ተያዩ። አንዱ መሬት ለሚለኩ ሰዎች ያሳያል ይላል፤ ሌላው ለፈረንጅ ይሸጣል ይላል። ማን ከማን ጋር እንደቆመ በማይታወቅበት ጊዜ ሰው የሚያነሳ ሰው ማንን ደስ ያሰኛል? እኔም የመንደሩ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ፣ የተማሪዎቼን ፎቶ ይዞልኝ የመጣ ቀን ከማመስገኔ በፊት ስንት ቅጂ እንዳወጣ ነበር የጠየቅሁት።

ከሁሉ የባሰው አባቴ ጋሻዬ ነበር። ምክንያት ነበረው። ከዓመታት በፊት ሰዎች በመኪና መጥተው፣ አዲስ ቆርቆሮ ከለበሰው ቤታችን ፊት ከበሬው ጋር አቁመው ፎቶ አነሱት። በተከታዩ ክረምት ስሙ እርዳታ ከሚሰፈርበት ከሴፍቲኔት ዝርዝር ወጣ። ኑሮህ ተሻሽሏል፣ ተመርቀሃል አሉት። በሬው ከአጎቴ ጋር የጋራ ነበር፤ ቆርቆሮውም የሸፈነው የቤቱን ግማሽ ነው። “ተማሪ ቤት ሳልገባ ያስመረቀኝ ያ ፎቶ ነው” ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ባየ ቁጥር ጋቢውን እስከ ዓይኑ ይስባል። እኔ የመምህርነት ዲፕሎማዬን የተቀበልሁ ቀን እንኳ አጠገቤ ቆሞ መነሳትን እምቢ ብሏል።

ካቻምና በሐምሌ ማብቂያ የስንዴያችንን አረም በደቦ አረምን። ረፋዱ ላይ ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ወጣች። ደግሰው ከማሳው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቅ አለ።

“አንተ ባለ ወፍጮ፣” አለው አባቴ ቀና ብሎ፣ “እጅህ ባዶ ከሆነ ና እረም። ካልሆነ መንገዱ ያው ነው።”

ደግሰው ካሜራውን በጋቢው ሸፍኖ ከጉብታው ወዲያ ወረደ። እኛም ወደ አረማችን አጎነበስን። ምሳ ሊደርስ ሲል ወገቤን ላሳርፍ ቀና ብል እዚያው ጉብታ ላይ የሰው ጥላ ያየሁ መሰለኝ። ደግሜ ሳይ የለም።

ሳምንት ሳይሞላ ማን ስንት ከብት እንዳለው የሚጠይቁ ሰዎች መጡ። ሁለት ቤቶች ከዝርዝሩ ወጡ። ማን ነገራቸው ተባለ። መልሱ በሁሉም አፍ አንድ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ከጽዱ ሥር ተቀመጠ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ በኛ ዘንድ ግን ከመቅበርም አልፎ ይዳኛል። የቅሬው ዳኛ አቶ ምስጋኑ ደግሰውን መሐል አስቀመጡት። ከሳሹ አባቴ ነበር።

“እኛ ሳናውቅ ያነሳናል፣” አለ፣ “ከኛ ቀድሞም ሌላ ሰው ያየናል።”

ደግሰው ካሜራውን ከፍቶ ለሽማግሌዎቹ ሰጠ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም መጀመሪያ የሚፈልገው ራሱን ነበር። አንድ ሽማግሌ ከፎቶው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ “ይህን ሁሉ የበሬ እግር ምን ሊያደርግልህ ነው? ጭንቅላቱስ?” አሉት።

“ጭንቅላቱንማ ይቆጥሩብዎታል፣ አባቴ። እግር ማንም አይቆጥርም።”

አንዳንዱ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። በመጨረሻ ደግሰው ተነሥቶ ቆመና ማለ፦ “ሳያውቅና ሳይፈቅድ ያነሳሁት ሰው ካለ ሚካኤል ይፍረድብኝ፤ ስሞትም ቅሬው ከቀብሬ ይቅር።”

እንዲህ ያለ መሐላ በኛ አገር በዋዛ አይማልም። ቀባሪ የሌለው ሰው ከሰው አይቆጠርም። አባቴ ተነሥቶ እጁን ጨበጠው፤ ጉዳዩም በዚሁ አለቀ።

ለእኔ ግን አላለቀም። ካሜራው በእጄ ሲያልፍ የደቦአችንን ቀን ፈልጌ ነበር። ከዚያ ቀን አንድም ፎቶ አልነበረም። ማታ ለአባቴ ነገርኩት።

“በቀብሩ የማለን ሰው አልጠረጥርም፣” አለኝ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። እንቅልፍ መጥቶበት መሰለኝ።

በነሐሴ፣ በቡሄ ማግስት አባቴ አረፈ። በዝናብ ሲያርም ውሎ ደረቱን ያዘው፤ አራት ቀን ተኛ። በቃሬዛ ይዘነው ወደ ላሊበላ ስንሄድ ወንዙ ሞልቶ አገኘነው። እስኪጎድል ስንጠብቅ አለፈ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በለቅሶው ላይ ፎቶ ያለው ሟች ፎቶው ደረት ላይ ተይዞ ይዞራል። እናቴ፣ ሰው እታገሬ የሚላት አገሬ፣ የያዘችው ጋቢውንና ዱላውን ነበር። መታወቂያው ላይ የነበረችውን ፎቶ ጣራው አፍስሶባት ፊቱ ነጥቶ ቀርቷል። ቀብሩ አልፎ ሰው ሲበተን እናቴ ጠራችኝ።

“መልኩ እየሸሸኝ ነው። አፍንጫው ይመጣልኛል፤ ዓይኑ ግን አይመጣም። ሂጂና ደግሰውን ጠይቂው።”

“ምሏል እኮ፣ እማ።”

“ይማል። የዚያ ሰው ዓይን አያርፍም፤ አውቀዋለሁ።”

ፎቶው ካለው መሐላው የሐሰት ነው፤ መሐላው የሐሰት ከሆነ ደግሞ ቀባሪ የለውም። ይህን እያወቅሁ ሄድኩ። ደግሰው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነበር።

“አያ ደግሰው፣ የአባቴ ፎቶ እርስዎ ጋ ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው።”

“የአባትሽ?” አለና የወፍጮውን አፍ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። እህል ሲጣበቅበት እንዲያ ያደርጋል። ያን ቀን ወፍጮው ውስጥ እህል አልነበረም። “ምዬ የለ እንዴ፣ ፋና?”

“ምለዋል። የጠየቀችው እናቴ ናት። መልኩ ሸሸኝ ትላለች።”

እጁ ወፍጮው ላይ ቆመ። “የለኝም፣” አለ፣ ወደ በሩ እያየ።

አላመንኩትም። ከዚያ በፊት በጠረጠርኩት ቁጥር እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ እወድ ነበር። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ውሸታም እንዲሆን ተመኘሁ።

አርባው የዋለው በመስቀል ማግስት ነው። ቅሬው በሙሉ ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ደግሰው ገባ። ከጋቢው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ወደ እናቴ ሳይሆን ወደ ዳኛው ሄደ፤ ፊታቸው ላይ አኖረው።

“በቀብሬ ምዬ ነበር፣” አለ። “የማልሁት ሚሞሪ ካርዱን ከካሜራው አውጥቼ፣ የቀድሞ ፎቶ ያለበት ሌላ ከትቼበት ነው። ይኸው።”

አቶ ምስጋኑ ላስቲኩን ፈቱት። አባቴ ነበር። ከስንዴው መሐል ቀና ብሎ፣ በአንድ እጁ ጭብጥ አረም ይዞ፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ አርፋ፣ ከንፈሩ ሊስቅ ሲል። ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ፎቶውን የያዘውን ሰው ያያል።

ፎቶው ዞረ፤ ክርክርም ተነሣ።

“እያየው ነው እንጂ፣” አለ አንዱ። “ካየው ፈቅዷል ማለት ነው። ጋሻዬ ያልፈቀደውን ዝም ይል ነበር?”

“ፀሐይ ናት የሚስቅ ያስመሰለችው። ደግሰውን አይቶ የሚስቀው ምን አግኝቶ?”

“እስቲ ራሱ ይናገር፣” አሉ ዳኛው። “ደግሰው፣ አይቶህ ነበር?”

ደግሰው አፉን ከፈተ። ይህን ጊዜ ፎቶው እናቴ እጅ ደረሰ። ብዙ አየችው። አላለቀሰችም።

“እኔን ነው የሚያየው፣” አለች። “ምሳ ተሸክሜ ስመጣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያየኝ። ‘ዘገየሽ’ ሊለኝ ነው።”

እሷ ያለችው ለራሷ ነበር፤ በደግሰው ላይ ግን ፈረደች። አባቴ ያየው እሷን ከሆነ ካሜራውን አላየም፤ አልፈቀደምም። ደግሰው እናቴን ተመለከታት፤ ከዚያ ፎቶውን፤ ከዚያ እንደገና እናቴን።

“እታገሬ ካሉ እንደሱ ነው፣” አለ።

ሽማግሌዎቹ ወጣ ብለው መከሩና ተመለሱ። አቶ ምስጋኑ ቆመው ተናገሩ። “እኛ ልናስወጣህ አልፈለግንም። ቃሉ ግን ያንተው ቃል ነው። እስከ ጋሻዬ ሙት ዓመት ቅሬው ላንተ አይወጣም። አንተ ግን ለሁሉ ትወጣለህ፤ ቃሬዛም ትሸከማለህ። ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ትሆናለህ።”

“እንግዲህ ዓመቱን እንዳትሞት፣” አለች አሰለች ከኋላ። የሳቀ አልነበረም።

ፎቶውን አልጋው ራስጌ ሰቀልነው። እናቴ ጧት ጧት በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች። ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ቤቱ ብርሃን ሲያገኝ፣ አንድ ጧት ዓይኔ ከአባቴ ፊት አልፎ ከትከሻው ኋላ ሄደ። ከኋላው አንድ ባሕር ዛፍ ይታያል፤ አጠገቡም ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሣር የሆነ ጣራ። የኛ ቤት ነበር።

መስሎኝ እንዳይሆን ብዬ ማሳው ድረስ ሄድኩ። ቃርሚያው ውስጥ አባቴ የቆመበት ቦታ ቆሜ ወደ ጉብታው ዞርኩ። ከቤታችን የሚመጣው መንገድ በጀርባዬ ነበር። ሌላ መንገድ የለም። ምሳ የሚመጣው ከኋላው ነው፤ ከፊቱ የነበረው ደግሰው ብቻ ነው።

ለማን ልንገር? ለዳኛው ብነግር ደግሰው ነጻ ይወጣል፤ እናቴ ግን ያችን አተያይ ታጣለች። ዝም አልኩ። ደግሰው በዚያ ዓመት አምስት ቃሬዛ ተሸክሟል። ባየሁት ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

አምና ሐምሌ ላይ እሱንም እንደ አባቴ ደረቱን ይዞት ያስለው ጀመር። ሙት ዓመቱ ሊደርስ ወር አልቀረውም። መንደሩ በሹክሹክታ ቀን መቁጠር ያዘ። እናቴ የአጃ ሾርባ ሠርታ ላከችኝ። ከመደቡ ላይ ካሜራውን ታቅፎ ተኝቶ አገኘሁት።

“አያ ደግሰው፣ የቆሙበትን ቦታ አይቻለሁ። አባቴ ያየው እርስዎን ነው።”

ሳሉ እስኪለቀው ጠበቀ። “አይቶኛል፣” አለ። “በዓይኑ በደንብ ነው ያየኝ። አልሰደበኝም፤ ጋቢውንም ወደ ዓይኑ አልሳበም። ይህ መፍቀድ ነው ወይስ አይደለም? ያን ማወቅ ስላቃተኝ ነው ሚሞሪውን ያወጣሁት። መሐላው ላይ እጄን ሲጨብጠኝ ጠበቅ አደረገው። የዚያንም ትርጉም አላወቅሁትም።”

“ዛሬውኑ ለዳኛው ልንገር። ቢሞቱስ?”

“ብሞት ያን ጊዜ ትነግሪያቸዋለሽ። እስከዚያ ግን ተይ። ለእታገሬ ምን ልትሰጫት ነው እሱን ወስደሽ?”

አልሞተም። በሙት ዓመቱ ቀን ዳሱ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ አቶ ምስጋኑ እጁን ይዘው አስገቡት፤ ከሰውም መሐል ተቀመጠ። እናቴ እንጀራ ስታቀርብለት፣ “ደህና ሆንክ?” ብቻ ነው ያለችው። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ይህን መጻፍ የቻልኩትም ስለዚሁ ነው።

ዘንድሮም ክረምት ገብቶ ወፍጮው ቆሟል። ደግሰው አሁን ከማንሳቱ በፊት ከሩቅ “ላንሳ?” ብሎ ይጣራል። ሰዉ አሁንም ለምን በነጻ እንደሚሰጥ ይጠይቃል። እኔም የሚቆምበትን ቦታ፣ ከኋላ ያለውንም ዛፍ ሳላይ አላልፍም። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጉሙ ውስጥ ነበር። ካሜራውን ወደ እኔ አነሣ፤ አልተጣራም። አየሁት። ነጠላዬን ልሳብ እጄን አነሣሁና መልሼ አወረድኩት።

መፍቀዴ ይሁን አይሁን እኔም አላወቅሁም።