የእናቴ ላም

እናቴ ላም ኖሯት አያውቅም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር የአዲስ አበባ ሴት ላሟን የት ልታስራት? ባሌ ሮቤ ያኖሩኝ አዮ ግን ይህን መስማት አይፈልጉም ነበር።

"አዮ" በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። ለሥራ ተመድቤ ስሄድ ከቤታቸው አንዷን ክፍል አከራዩኝ፤ ብዙም ሳልቆይ ከልጃቸው ጋር አንድ ማዕድ ላይ አስቀመጡኝ። ጎባ ገበያ ቅቤ ሲነግዱ ስለኖሩ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ አያንስም። ኦሮምኛ ያስተምሩኝ ብዬ ስለምናቸው፣ "ቋንቋ የሚለመደው ቆም ተብሎ ነው፤ አንቺ ትሮጫለሽ" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እዚያ ሰላምታ ጣል ተደርጎ አይታለፍም፤ ሰዉ፣ ቤቱ፣ ከብቱ፣ ገብሱ፣ ዝናቡ በየተራ ይጠየቃል። ጠዋት ጠዋት በዚያ ብርድ በሩ ላይ ገትረው ያቆሙኛል። "አካም ቡልቴ?" ብለው ይጀምራሉ፣ እንዴት አደርሽ ነው። "ነጋያ" እላለሁ፣ ሰላም ነው። ከብቱ ጋ ስንደርስ "የእናትሽ ላምስ?" ይሉኛል።

"አዮ፣ እናቴ እኮ ላም የላትም!"

"አሁን አላት። ነጋያ በይ!"

ባጃጁ ጥሎኝ ይሄዳል፣ አለቃዬ ይነጫነጫል፣ እኔ እዚያ ቆሜ ስለሌለች ላም ጤና አወራለሁ። አቤት ስናደድ! ግን በኦሮምኛ አፌን የፈታሁት በዚያች ላም ነው።

ተዛውሬ አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቴ ደረጃ ላይ "ሰላም ነው?" ብላኝ መልሴን ሳትሰማ ታልፋለች። አዮ ናፈቁኝ፤ ናፍቆቱ ያንገበግበኛል። በቀደም ልጃቸው ደወለችልኝ። "አዮ ሰው መለየት ተስኗታል። እኔንም አንዳንዴ ማነሽ ትለኛለች። ብትደውዪ ቅር እንዳይልሽ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ማንሳት ፈራሁ። እሳቸው ካላወቁኝ በዚያ ቋንቋ ልጄ የሚለኝ ማን አለኝ?

ትናንት ጨከንኩና ደወልኩ። ልጃቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው። ስሜን ነገርኳቸው።

"ማን?" አሉ። ደገምኩላቸው። "አላወቅኩሽም" አሉ፣ እንግዳ እንደሚያናግር ሰው በትሕትና።

በኦሮምኛ ሰላምታውን ጀመርኩ። ሰዉን ጠየቅኩ። "ነጋያ።" ቤቱን፣ ከብቱን፣ ገብሱን ጠየቅኩ። "ነጋያ፣ አልሐምዱሊላህ።" ዝናቡንም ጠይቄ ጨረስኩ። አሁን ተራው የእሳቸው ነው።

"የእናትሽ ላምስ?" አሉኝ።

"ነጋያ፣ አዮ" አልኩ እንባዬ እየወረደ። "ወልዳለች።"