ጠመኔው ላይ የወጣው መስመር

ባለፈው ሳምንት ከቀበሌ ነጭ ጋዝ ቀድቼ ስመለስ ጀሪካኑ እያንጠባጠበ እጄን አረጠበው። ሽታው ጋሽ ይመርን አስታወሰኝ።

ጋሽ ይመር ገርጂ ሰፈር ያለው ግቢያችን ጥግ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ፣ ከጦር ግምጃ ቤት ጡረታ የወጡ የወሎ ሰው ነበሩ። በአብዮቱ የመጀመሪያ ዓመታት ቀበሌው ቤልጅግ የሚባሉ አሮጌ ጠመንጃዎችን እየሰበሰበ ያመጣላቸው ነበር። እሳቸውም የተበላውን አፈሙዝ፣ የተሰበረውን ሰደፍ እየለወጡ ለአብዮት ጥበቃዎች ያዘጋጁ ነበር። ከሁሉ የሚፈሩት ጥይት የሚጎርሰውን፣ መቀርቀሪያው የሚቆለፍበትን ብረት ነው።

«አፈሙዝ ይለወጣል» ይሉኝ ነበር። «ይሄ ከተሰነጠቀ ግን የሚፈነዳው ጠላት ላይ ሳይሆን ተኳሹ ዓይን ላይ ነው።»

ብረቱን ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳድረው በጨርቅ ያደርቁና፣ ከትምህርት ቤት የማመጣላቸውን ጠመኔ ፈጭተው ይቀቡታል። ደህና ከሆነ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ስንጥቅ ካለው የተደበቀው ጋዝ ቀስ ብሎ ይወጣና ጠመኔው ላይ የጠቆረ መስመር ያሰምራል።

አንድ ቅዳሜ የጥበቃው ኃላፊ በር ላይ ቆሞ ያጣድፋቸዋል። የሚመረምሩት ጠመንጃ ለታላቅ ወንድሜ ለታደሰ የተመደበ ነበር፤ በማግስቱ ተኩስ ሊለማመድበት። ጋሽ ይመር ብረቱን ወደ ብርሃን አዙረው «ደህና ነው» አሉ። እኔ ግን ከመቆለፊያው ሥር ፀጉር የምታህል መስመር አየሁ።

ስሜን ስጠየቅ እንኳ ላብ የሚያጠምቀኝ ልጅ ነበርኩ። አዛውንት ማረም ደግሞ ነውር ነው። እጅጌያቸውን ጎተትኩ።

«ጋሽዬ... እዚህ ጋ።»

ኃላፊው ሳቀ። «አሁን ደግሞ ሕፃን ልትመረምርልን ነው? ኧረ ይሄ ነገር አሻጥር እንዳይሆን!»

በዚያን ጊዜ ይህች ቃል ሰው ታሳስር ነበር። ጋሽ ይመር መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩ።

«ዓይኔ ነው የሳተው። ልጅቷ ልክ ናት።»

ማንም ዳግመኛ እንዳይገጥመው ብረቱን ሞርሳ ላይ አስረው፣ ሰውዬው እያየ በመጋዝ ለሁለት ቆረጡት። «በሉ፣ ካሰራችሁኝም ከነመጋዜ እሰሩኝ!»

ሁለት ቀን ቀበሌ አሳደሯቸው። ከተመለሱ በኋላ እኔ ሳላይ «ደህና ነው» ብለው አያውቁም።

ከሞቱ ቆዩ። ስንጥቁ ያለበት ግማሹ ብረት እኔ ጋ አለ፤ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ነፋስ እንዳይወስድብኝ እጭንበታለሁ። ባለፈው ሳምንት ጋዙን የቀዳሁ ዕለት አመሻሽ ላይ ብረቱን ነጭ ጋዝ አስነክቼ፣ ጠርጌ ጠመኔ ቀባሁት። መስመሯ ቀስ ብላ ወጣች። ቀና ስል ታደሰ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ለእናታችን መርፌ ውስጥ ክር ያስገባ ነበር።