የአንድ ጣት ትርፍ

አምቦ ውስጥ በአናጢነት ነው ያረጀሁት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የመጨረሻ ልጄ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨረሰ። ጨርሶ መጣና ሥራ ፈልጎ አጣ። ጓደኞቹ በጅቡቲ በኩል ባሕር ሲሻገሩ የሱም ልብ ሸፈተ። እናቱ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው።

"እሺ፣ አንድ ነገር ልሞክር" አለን። "እሱ ከሠራ እቀራለሁ። ካልሠራ ግን አትያዙኝ።"

ያ አንድ ነገር ማሽን ነበር። እቃውን ከመርካቶ እየለቃቀመ አምጥቶ እኔ ከምሠራበት ቤት ጥግ ገጣጠመው። ሲኤንሲ ይሉታል፤ ኮምፒውተር እያዘዘው እንጨት ላይ ቅርጽ ያወጣል። ቁመቱም ስፋቱም ከጠረጴዛ አይበልጥም።

"ዓይን የለውም አባዬ" አለኝ። "ምን ያህል እንደሄደ ይቆጥራል እንጂ አያይም። ስለዚህ ድንበሩን በቁጥር እነግረዋለሁ። ከዚያ እለፍ ሲባል ይጮሃል፣ ይቆማል።"

እውነትም ይጮህ ነበር። ግድግዳ የሚያዋስነን በያጅ በሰማ ቁጥር ብቅ ብሎ በማሽኑ ይቀልዳል።

"ኦቦ፣ በሬዎ ዛሬም ድንበር ላይ ቆመ?"

"ከሰው ማሳ ከሚገባ ይቁም" እለዋለሁ።

አንድ ቀን ከጉደር የሙሽራ አልጋ ራስጌ ታዘዘልን። የሙሽራው አጎት የቤት እቃ ነጋዴ ነው፤ ካማረለት ሥራውን ሁሉ ወደኛ ሊያመጣ ነው። ልጄ ፊቱ በራ። የዋንዛ ጣውላ ልጌ ሰጠሁት። የሚቀረጸው የአበባ ሐረግ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ነበርና ማሽኑ የመጨረሻዋ አበባ ጋ መድረስ አቅቶት ደጋግሞ ጮኸ። ሠርጉ ደርሷል።

"ትንሽ ትርፍ ልስጠው" አለና የድንበሩ ቁጥር ላይ የአንድ ጣት ያህል ጨመረ።

ይህን እኔ ዘንድ ነው እያየ ያደገው። አናጢ ሲቆርጥ አንድ ጣት ትርፍ ይተዋል፤ የበዛ እንጨት ይላጋል፣ ያነሰ ግን ምን ይደረጋል። ማሽኑ የሚሄድበት ብረት ግን እንደነበረ ነው። የረዘመው ቁጥሩ ብቻ።

ጩኸቱ ጠፋ። "በሬው ተገራ" አለ በያጁ። እኛም ደስ አለን።

የመጨረሻዋ አበባ ልታልቅ ስትል ማሽኑ ጫፍ ካለው ብረት ጋር ተላተመ። አልጮኸም፤ በሱ ቆጠራ ገና መንገድ ይቀረዋል። እያጓራ ገፋ። ልጄ ሮጦ እስኪያጠፋው ድረስ የሚነዳው ረጅም ብረት ጎብጦ፣ መቁረጫውም ከመስመሩ ወጥቶ ዋንዛውን ተለተለው።

ሙሽሮቹ አልጋ ከአዲስ አበባ ገዙ። የጎበጠው ብረት ምትክ መርካቶ ተፈልጎ ጠፋ፤ ከውጭ ካልመጣ አይገኝም ተባለ።

"ይጠገናል፣ ታገስ እንጂ" አልኩት።

"አባዬ፣ ቃላችን ምን ነበር?"

 እናቱ ለመንገዱ ስንቅ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ አዘጋጀችለት። ማልዶ በአውቶቡስ ሄደ። ከባሕሩ ዳር ደውሎ "ደህና ነኝ፣ ዛሬ እንሳፈራለን" አለን። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። እናቱ አሁንም ትሞክራለች።

በያጁ ቀልድ ትቷል። በቀደም ገብቶ ማሽኑ ላይ የጣልኩትን ሸራ ገለጥ አደረገና "ኦቦ፣ ብረቱን በእሳት ላቃናልዎ?" አለኝ።

"አቅንተህስ? ማን ሊያዘው?"

ሸራውን መልሶ ሄደ። እኔ ዛሬም እንጨት ስቆርጥ አንድ ጣት እጨምራለሁ። እጄ ሌላ አያውቅም።