ሲባጎው ሲንቀጠቀጥ

ባሏ ብርድ መትቶት በሞተ ማግስት፣ ቲማቲም ያለማበት የነበረውን የላስቲክ ቤት መስኮቶች በሙሉ ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። ልጅ አልወለዱም፤ እሱ "ልጆቼ" የሚላቸው ቲማቲሞቹን ነበር። "እሱን የወሰደ ብርድ እነሱን አያገኛቸውም!" አለች። ሐዘን መቼ ምክር ይሰማል!

ቲማቲሞቹ ከጣሪያው በወረደው ሲባጎ ላይ እየተጠመጠሙ ሽቅብ ተመዘዙ። ቅጠሉማ ጉድ ነው! ፍሬ ግን የለም። አበባው ይፈካና ይረግፋል።

የባሏ ታላቅ ወንድም መጥቶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየ።

"ላም አለኝ በሰማይ! አንቺ፣ ቅጠል ልትሸጪ ነው እንዴ?" አላት። ከዚያ ቀልዱን ተወ። "ሙቀትና እርጥበት ሲበዛ የአበባው ዱቄት ይጣበቃል። ነፋስ ካልነቀነቀው አይራገፍም፣ ፍሬም አይይዝም። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት ሲባጎውን በጣቱ መታ መታ የሚያደርገው ለጨዋታ መሰለሽ? መስኮቱን ክፈቺ። ይሄ ምርት ከከሸፈ ቤቱን አፈርሰዋለሁ፤ አንቺም ወደ እናትሽ ትመለሻለሽ።"

"እሺ ጋሼ" አለች። አልከፈተችም።

ምክንያቷን ለማን ትንገር? የለየላት እብድ ይሏታል። በሩ አጠገብ ያለው ረድፍ ብቻ ሰሞኑን ፍሬ መያዝ ጀምሯል፤ እሷ ደግሞ በጣቷ አልነካችውም። ጠዋት ገብታ ትቆማለች። ቅጠል አይነቃነቅም፤ ላብ በጀርባዋ ይወርዳል። ከዚያ ጥጉ ላይ ያለው ሲባጎ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ አጠገቡ ያለው፣ ቀጥሎ ደግሞ ሌላው፣ ሰው በሚራመድበት ልክ ወደ እሷ ይመጣል። ጠጉሯ ይቆማል፤ ግን አትሸሽም።

"ደህና አደርክ?" ትለዋለች።

ረድፉ ሲያልቅ ያቆማል። በሕይወት እያለም ሳሉ ከጠናበት ወዲህ ከአንድ ረድፍ አያልፍም ነበር።

አንድ ቀን ግን መሐል ላይ ቆመ። ጠበቀች። ከቅጠሉ ውስጥ ሳል ሰማች፤ ያ የምታውቀው፣ ትንፋሽ የሚያሳጣው ሳል። ሲባጎው እንደገና ትንሽ ነቅነቅ አለና ተወ።

"ውይ እኔን! ሞተህም አላሳረፍኩህም!" አለችና እያለቀሰች መስኮቶቹን አንድ በአንድ በረጋገደቻቸው። ነፋሱ ገባ።

በዚያ ምርት የላስቲክ ቤቱ በፍሬ ቀላ፤ ጋሼም ማፍረሱን ተወው። መስኮቶቹን በከፈተችበት ቀን ግን ሲባጎው ሁሉ በነፋሱ ባንዴ ሲንቀጠቀጥ፣ ከረድፍ ረድፍ እየሮጠች "የቱ ጋ ነህ? የቱ ጋ ነህ?" እያለች ስትጣራ ዋለች።