ዲሽ፣ ሳህን

ከምሳ በኋላ ድሬዳዋ ሙቀቱን ሸሽታ በሯን ስትዘጋ፣ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤታችን ልጅ ቃል ታጠናለች። «ሺፕ መርከብ፣ ሾፕ ሱቅ፣ ፊሽ ዓሣ።»

እኔም ልጅ ሳለሁ፣ ኤስና ኤች ጎን ለጎን ያሉባቸውን እነዚህኑ ቃላት የሸመደድኩት በዚሁ ሰዓት ነበር። እናቴ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ሸጣ ትገባና ያበጠ እግሯን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትነክራለች። እኔ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ እጮሃለሁ።

አንድ ቀን በርጫ ላይ ጫት ሲቅሙ የነበሩት አከራያችን አው ዩሱፍ በመስኮት ብቅ አሉ። «ፋጡማ፣ ልጅሽን ዝም አሰኚልኝ። ለቲማቲም ንግድ እንግሊዝኛ ምን ያደርግላታል? እምቢ ካለች ቤቴን ልቀቁ።»

ደብተሬን ዘጋሁ። እናቴ ግን እግሯን ከውሃው አውጥታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ዝም ብዬ ያተረፍኩትን እኔ አውቀዋለሁ» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። «በይ ጀምሪ፣ እከተልሻለሁ።»

ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ «ሺፕ መርከብ» ስትል ድምፅዋ ከእኔ በለጠ።

በሳምንቱ ቤቱን ለቀቅን። ዕቃችን ጋሪ ላይ ተጭኖ ሲወጣ፣ በአው ዩሱፍ መስኮት ሥር «ፊሽ ዓሣ» እያልን አለፍን።

ዛሬ ባሌ እንቅልፉ ተቋርጦ ግድግዳውን በቡጢ መታው። ልጅቷ ጸጥ አለች።

«ሌላ ክፍል ሄደህ ተኛ» አልኩት። ከዚያ መስኮቱን ከፍቼ እናቴ በጮኸችበት ድምፅ ጮህኩ።

«ዲሽ ሳህን። ቀጥዪ፣ ልጄ።»