ገበያው ወደ አስፋልቱ የሄደ ጊዜ

የወረዳችን ተወላጆች ማኅበር ኢምፔሪያል አካባቢ ባለ አዳራሽ ሲሰበሰብ፣ ለመጽሔቱ የወረዳውን ታሪክና ኑሮ የሚጽፍ ሰው ተፈለገና እኔን ጠቆሙኝ። እሺ አልኩ። ገርጂ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ከቦሌ ቢሮዬ ወጥቼ የምሠራው ነገር በማግኘቴ ደስ አለኝ።

ግን ከወረዳው የወጣሁት በልጅነቴ ስለሆነ የማውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሲኤምሲ፣ ልጃቸው ቤት ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። በወሎ ደጋና ቆላ መካከል እህልና ጨው ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸውና ምራታቸው ሥራ ይውላሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲመጡ እርስ በርስ የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው። ከዘበኛው በቀር የሚያጫውታቸው የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አዳመጥኳቸው። ደገኛው ገብስና ባቄላ፣ ቆለኛው ማሽላና ፍየል ይዞ ማክሰኞ ማክሰኞ እኛ ወረዳ ከተማ ይገናኝ ነበር።

"እስላሙም ክርስቲያኑም ወዳጅ የሚያበጀው፣ ለልጁ ሚስት የሚያጨው እዚያ ነበር" አሉኝ።

በኋላ አስፋልቱ በሌላ በኩል ሲያልፍ ገበያውም ተከትሎት ሄደ። የጤፉ ማሳ ባሕር ዛፍ ሆነ፤ ሴቶቹ ልጆች ወደ ዐረብ አገር ተሰደዱ።

"እርስዎስ ገበያውን ለምን አልተከተሉም?"

"ማን ያውቀኛል ብዬ ልጄ! እዚያ ያለው ሁሉ አዲስ ሰው ነው።" ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩ። "እዚህም ያው ነው።"

አንድ ቅዳሜ ታክሲ ጠርቼ በግ ተራ ወሰድኳቸው። የአንዱን ሙክት ገመድ ይዘው ጀርባውን ዳበሱ፣ ጥርሱን አዩ፣ ሊገዙ ሳያስቡ ዋጋ ይከራከሩ ጀመር። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሻጩ፣ ወጣት ልጅ፣ አነጋገራቸውን ሰምቶ፣ "አባባ፣ ወሎዬ ነዎት?" አላቸው። የኛው ወረዳ ሰው ሆኖ ተገኘ።

"የማክሰኞውን ገበያ ታውቀዋለህ?" አሉት በጉጉት።

"ማክሰኞ? እዚያ ገበያ ነበር እንዴ?"

የበጉን ገመድ ለቀቁት። ወደ ታክሲው ተመለስን። ቤታቸው በር ጋ ስንደርስ፣ "ያልኩሽን ሁሉ ጽፈሻል?" አሉኝ።

"አዎ፣ አባባ።"

"እንግዲያ ይበቃል።"

መጽሔቱ ሲታተም ወስጄ አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና፣ "ደግ ነው፤ ሻይ ጠጪ" አሉኝ።

አሁንም ቅዳሜ እሄዳለሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ብዙም አናወራም። ልሄድ ስነሳ፣ "ቆዪ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል?" ይሉኛል። የሚያስቸኩለኝ የለምና እመለሳለሁ፣ እቀመጣለሁ።