አመድ አፋሾች

መሬታችንን አናስለካም ስላልን ብቸና ላይ ያዙን። የፊጥኝ አስረው ሞጣ ወሰዱን። የታጎርንበት ክፍል ወለሉ አፈር ነው። ክረምት ስለነበረ ከሥሩ ውሃ ይመነጫል፤ ተቀምጠህ ስትነሳ ጭቃው ካንተ ጋር ይነሳል።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በጣልያን ጊዜ ለንጉሡ ብለው በረሃ የከረሙ ናቸው። ኋላ ድልድይ ሲሠራ ግንበኛ ሆነው ውለዋል። እሳቸውም እንደኛው መሬቴን አላስለካም ብለው ነው የታሰሩት። እርጥቡ ላይ ሲተኙ ሳላቸው ጸናባቸው። መደብ እንዲሠራላቸው ዘበኛውን ለመንነው።

"ቤተ መንግሥት መሰላችሁ?" አለን።

በዚያው ሰሞን የእስር ቤቱን አለቃ መጋዘን ወለል በሲሚንቶ ሊሾ እንድናደርግ አወጡን። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ።

"ከወጥ ቤት አመድ ዛቁ። ከሰሉን ለቅማችሁ በነጠላ ንፉት። ከሲሚንቶው ጥቂት ቀንሱና በምትኩ አመዱን ጨምሩ። የቀነሳችኋትን ለኛ አምጧት።"

"አይፈርስም አባቴ?"

"አይፈርስም። ብቻ አመድ ያለበት ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክር። ውሃ እንዳይጠማው አጠጡት።"

አመዱን ስንዝቅ ዘበኛው አየን። "እናንተ አመድ አፋሾች!" ብሎ ሳቀብን። ሽማግሌው ከውስጥ ሰሙት። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ።

"እውነቱን ነው። በረሃ ገብቼ ያፈስሁት ይኸው አይደል?"

ሲሚንቶዋን በኩታችን ጫፍ እየቋጠርን አስገባን። ጥግ ላይ ድንጋይ ደርድረን፣ ከአሸዋና ከአመድ ጋር ለውሰን አንድ ሰው የሚያስተኛ መደብ ሠራን። ዘበኛው አየና በሩን ዘግቶ ሄደ።

በማግስቱ "ይውጡበት" አልናቸው። በጥፍራቸው ጫር አደረጉት።

"ገና ነው።"

በሌላውም ቀን ጫር አድርገው "ገና ነው። ብተኛበት ይሰነጠቃል፤ ከኔ በኋላ የሚመጣውም ጭቃ ላይ ይተኛል" አሉ። ከምንጠጣው ውሃ ቀንሰን እናርከፈክፍበት ነበር። እሳቸው የድርሻቸውን ውሃ በሙሉ ያፈሱበታል። ተናደድኩ።

"ግትር ነዎት!"

"ግትር ባልሆን እዚህ ምን አመጣኝ? አንተንስ ምን አመጣህ?"

አንድ ጠዋት ሳላቸው ቀረ። ጭቃው ላይ፣ የመደቡን ዳር በእጃቸው እንደያዙ ሞተዋል።

ዘበኞቹ የሽማግሌውን እግር ይዘው ሊጎትቱ ገቡ። ፊታቸው ቆምኩ። "አይጎተቱም" አልኩ። አንስተን መደቡ ላይ አጋደምናቸው። በዕለት ውሃችን ጭቃውን አጠብንላቸው፣ በጋቢዬ ገነዝናቸው። ያ አመድ አፋሾች ያለን ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ቶሎ በሉ አላለም።

መደቡ አልተሰነጠቀም።

አሁን ፋብሪካም አመድ ከሲሚንቶ ይቀላቅላል ሲሉ ሰማሁ። ይቀላቅል። እኔ ሰው ቤት ሠርቶ፣ ወለሉ ደርቋል ግባ ሲለኝ ጎንበስ እላለሁ። በጥፍሬ ጫር አደርገዋለሁ።

"ገና ነው" እላለሁ። "ውሃ ስጡት።"